የመቻራ ሌሊቶች፦ ትጋህ፣ ጫትና የእንቅልፍ እጦት በምዕራብ ሐረርጌ ታሪክ

መቻራ በምዕራብ ሐረርጌ ዞን የዳሮ ለቡ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከዞኑ ርእሰ ከተማ ከጭሮ ወደ ደቡብ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የጨርጨር ደጋ ወደ ዋቤ ሸበሌ ቆላ ዝቅ እያለ በሚወርድበት ምድር ላይ ትገኛለች። አካባቢዋ የሚታወቀው በሐረር ስም ለገበያ በሚቀርበው ቡናው፣ በጫቱና በኖራ ድንጋይ ዋሻዎቹ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የውጭ አገር ተመራማሪዎች በእነዚህ ዋሻዎች ውስጥ ጠብታ በጠብታ የበቀለውን ድንጋይ ቆርጠው፣ የጥንቱን የዝናብ ታሪክ ከንብብሩ አንብበዋል። ከሦስቱ መታወቂያዎች ሁለቱ፣ ማለትም ቡናና ጫት፣ እንቅልፍን የሚያርቁ ተክሎች መሆናቸው ግን እምብዛም ልብ አይባልም። ይህ አገር ለብዙ ዘመናት ንቃትን አምርቶ በበቅሎ፣ በባቡር፣ በአውሮፕላንና በመኪና እየጫነ ወደ ሩቅ ሲልክ ኖሯል፤ እንቅልፍ ላጣው የአገሩ ሰው የሚሆን ሕክምና ግን በዚያው መንገድ ተመልሶ ሲመጣለት አልታየም። የመቻራን የሌሊት ታሪክ መመርመር የሚያስፈልገውም ይህ አለመመጣጠን ከየት እንደ መጣ ለመረዳት ነው።

አስቀድሞ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። አንደኛው ትጋህ ነው፤ ሰው ለጸሎት፣ ለሥራ ወይም ለጨዋታ ብሎ በፈቃዱ ከእንቅልፉ የሚቀንሰው ሌሊት ማለት ነው። ሁለተኛው የእንቅልፍ እጦት ሲሆን፣ የሕክምና ባለሙያዎች ይህን ስም የሚሰጡት ሰው ለመተኛት በቂ ጊዜና ምቹ ስፍራ እያለው እንቅልፍ አልወስደው ሲል፣ ወይም በሌሊት ነቅቶ መልሶ መተኛት ሲያቅተው፣ ወይም ከሚገባው ሰዓት ቀድሞ ሲነቃ፣ በዚህም ምክንያት ቀኑ ሲበላሽበት ነው። ይህ ሁኔታ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ሌሊት እየተደጋገመ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ከቆየ ሥር የሰደደ ይባላል። ትጋህ ፈቃድ ነው፣ የእንቅልፍ እጦት ግን ፈቃድን የሚነጥቅ ሕመም ነው፤ ነገር ግን በምዕራብ ሐረርጌ ሁለቱ በአንድ ቅጠል ላይ ተገናኝተዋል።

ስለዚህ ቅጠል፣ ስለ ጫት፣ የተጻፉት እጅግ ጥንታዊ ማስረጃዎች ስለ እንቅልፍም ይናገራሉ። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በካይሮ የማምሉኮች ቤተ መንግሥት ያገለገለው የደማስቆ ሰው አል ዑመሪ፣ ስለ ይፋትና ስለ ሌሎቹ የአካባቢው የእስልምና ግዛቶች ከነጋዴዎችና ከሊቃውንት የሰማውን ሲመዘግብ፣ ሰዎቹ ቅጠሉን የሚበሉለት አንድ ዛፍ መኖሩን፣ ቅጠሉም አእምሮን እንደሚያነቃቃ፣ ደስታን እንደሚሰጥ፣ የምግብንና የእንቅልፍን ፍላጎት እንደሚቀንስ ጽፏል። በዚያው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የዐፄ ዓምደ ጽዮን የጦርነት ዜና መዋዕልም በ1324 ዓ.ም. ገደማ የተነሣባቸው የይፋቱ ገዥ ሰብረዲን፣ ድል ቢያደርግ በንጉሡ መናገሻ ጫት እንደሚተክል መፎከሩን ይተርካል። በዜና መዋዕሉ ጫቱ የሙስሊሞች ተወዳጅ ተክል ተብሎ ስለ ተጠቀሰ፣ ተክሉ በዚያን ጊዜ የአንድ ማኅበረሰብ መታወቂያ ለመሆን በቅቶ እንደ ነበር መገመት ይቻላል። የስዊድኑ የእጽዋት ሊቅ ፎርስኮል ተክሉን በየመን አግኝቶ የሳይንስ ስም የሰጠው ከዚህ አራት መቶ ዓመት በኋላ ሲሆን፣ እርሱ እ.ኤ.አ. በ1763 በዚያው በየመን ሞቶ ሥራው የታተመው በ1775 ነው።

የትጋህ ባህል ግን የጫት ብቻ አልነበረም። ከሚኤሶ አቅራቢያ በአሰቦት ተራራ ላይ የቅድስት ሥላሴና የአቡነ ሳሙኤል ገዳም ይገኛል። በዚያ መነኮሳቱ ሰዓታት ሲቆሙ፣ እንቅልፍ የከበደው ሰው የሚደገፍበት መቋሚያ በብብቱ ሥር አለ። በደቡብ ደግሞ ከዋቤ ሸበሌ ማዶ በባሌ ምድር የድሬ ሼኽ ሑሴን መቃም ስላለ፣ የሐረርጌ ምእመናን ወንዙን ተሻግረው ለዝያራ ሲጓዙ ጫፉ የባላ ቅርጽ ያለው በትር በእጃቸው ይይዛሉ። ሁለቱ በትሮች ከተለያየ ሃይማኖት ቢወጡም ለሌሊት ጸሎት የሚተጋ ሰው የሚደገፍባቸው በመሆናቸው ይመሳሰላሉ፤ የምዕራብ ሐረርጌን የቀድሞ ሌሊት ለመረዳት ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል።

ሐድራ የሚባለው የሌሊት ስብሰባ ጫት፣ ዕጣንና ቡና ቀርበው ዱዓ የሚደረግበትና መንዙማ የሚወጣበት ነው። በዚያ ንቃት መጀመሪያና መጨረሻ አለው። ጫቱ ከመቀመሱ አስቀድሞ ታላላቆቹ ዱዓ ያደርጋሉ፤ ቅጠሉ በእጃቸው እየታደለ ይዞራል፤ ቡናው ከአቦል እስከ በረካ በየተራው ይቀዳል፤ በመጨረሻም ሽማግሌው ዱዓ አድርጎ ጉባኤውን ይዘጋል። የሚነቃው ሰው ብቻውን ስላይደለ የሚነቃበትም ምክንያት በሁሉም ዘንድ የታወቀ ነው፤ በማግስቱም ቢደክመው ማንም እንደ ታመመ አይቆጥረውም። አዘውታሪ ሐድራ ጤናን አይጎዳም ማለት አይደለም። ቢሆንም ንቃቱ በሰዓት፣ በሰውና በዓላማ የታጠረ ስለ ነበር፣ አጥሩ ሲወድቅ ምን እንደሚከተል ለመረዳት ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል።

አጥሩን ያላላው አንድ ክስተት ብቻ ሳይሆን የረጅም ጊዜ ለውጥ ነው። የኢቱ ኦሮሞ ምድር የነበረው ጨርጨር፣ ከጨለንቆ ጦርነት በፊት በነበሩት ዓመታት በሸዋው ንጉሥ በምኒልክ ግዛት ሥር ገባ፤ ሐረር ራሷ የተያዘችው ታኅሣሥ 29 ቀን 1879 ዓ.ም. ከተካሄደው ከዚሁ ጦርነት በኋላ ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ፤ ከጨርጨር ተራሮች በታች ያለውን ቆላ ተከትሎ በሚኤሶና በአሰቦት በኩል ስላለፈ፣ የደጋው ምርት ከበቅሎ ጀርባ ወርዶ ባቡር የሚሳፈርበት ጣቢያ አገኘ። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን፣ ተፈሪ መኮንን አልጋ ወራሽ ሳሉ፣ በሩሲያ የተማሩትና በኋላ የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጨርጨር ገዥ ሆኑ። የግዛቲቱ መቀመጫም ከቀድሞዋ ኩኒ ወደ አሰበ ተፈሪ፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ጭሮ፣ ዞረ። ጨርጨር የአስተዳደር ሞዴል እንድትሆን የታሰበች ግዛት ነበረች፤ ግብሩ፣ ሹመቱና መንገዱ በሥርዓት እንዲመራ ተደክሞበታል። የቢሮና የባቡር ሰዓት ወደ ገጠሩ የገባው በዚህ ዘመን ሲሆን፣ ከገበያው ጋር አብሮ የሰውን ቀንና ሌሊት መከፋፈል ጀመረ።

ጫት ለገበያ ሲወጣ ከቡና የሚለየው በአንድ ጠባይ ነው፤ አይቆይም። ለዚህ የኬሚስትሪ ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ1975 በጄኔቫ የነበረው የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ላቦራቶሪ ከእርጥብ ቅጠሉ ካቲኖን የተባለውን ንጥረ ነገር ለየ። ካቲኖን በአንጎል ላይ እንደ አምፌታሚን የሚሠራ አነቃቂ ሲሆን፣ ቅጠሉ ሲጠወልግ በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ እየተለወጠ በጣም ደካማ ወደ ሆነው ካቲን ይቀየራል። ስለዚህ የጫት ዋጋ ያለው በእርጥበቱ ነው፤ ቀንበጡ ይቀጠፋል፣ በሙዝ ቅጠል ይጠቀለላል፣ ውሃ ይርከፈከፍበታል፣ ወዲያውም ይጓዛል። ጫቱ ነገ ዋጋ ስለሌለው የሚለቅመው፣ የሚያስረው፣ የሚጭነው፣ የሚነዳውና የሚሸጠው ሁሉ ከሰዓት ጋር ይሽቀዳደማል። ታሪክ ጸሐፊው ሕዝቅኤል ገቢሳ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት፣ የሐረርጌን ጫትና የእርሻ ለውጥ ከ1875 እስከ 1991 በሚያጠናው መጽሐፍ እንዳሳዩት፣ መሬት በእጅጉ እየጠበበ፣ የቡና ዋጋ እየዋዠቀና ቀረጡ እየከበደ ሲሄድ፣ ገበሬው ወደ ጫት የዞረው ባለማወቅ ሳይሆን አስቦና አስልቶ ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1957 በኤደን ጫትን ከልክለው በማግስቱ ዓመት ክልከላውን ማንሣታቸውም የገበያውን ጉልበት ይመሰክራል። በምዕራብ ሐረርጌ ከመቻራ በስተሰሜን ያለችው ገለምሶ ስሟን ለጫቱ የሰጠችው በዚህ ገበያ ነው። አይሱዙው በጨለማ ይነሣል፤ ሾፌሩ ንቃቱን ከጭነቱ ላይ ይወስዳል።

ገበያው የቅጠሉን አገልግሎትም ለወጠው። በሐድራ ላይ የጋራ የነበረው ቅጠል ለተማሪው፣ ለሾፌሩ፣ ለዘበኛውና ለሥራ ፈላጊው የግል ሆነ፤ በርጫ የሚባለው የመቃሚያ ሰዓትም ከምሳ በኋላ ጀምሮ እስከ ምሽት ዘለቀ። በዚህ ልማድ ዙሪያ የተፈጠሩት ቃላት አብዛኛዎቹ በእንቅልፍና በንቃት መካከል ያለውን ወሰን የሚመለከቱ ናቸው። ምርቃና ቅጠሉ ሲሠራ የሚመጣው ሞቅታና የሐሳብ ፍሰት ነው። ሐራራ ሰዓቱ ሲደርስ የሚመጣው ጉጉት ነው። ጨብሲ የሚባለው ደግሞ ምርቃናውን «ለመስበር» የሚጠጣው አልኮል ሲሆን፣ ቃሉ ራሱ መስበር ከሚለው የኦሮምኛ ግስ የመጣ ነው፤ ሰውየው በከሰዓቱ የገዛውን ንቃት በማታው መጠጥ ለማጥፋት ይከፍላል፣ መጠጡ ያመጣው እንቅልፍ ግን ከሌሊቱ እኩሌታ በኋላ ይቆራረጣል። ዱካክ ደግሞ ጫት የለመደ ሰው ያጣው ወይም የተወው ጊዜ በሌሊት የሚመጣበት አስፈሪ ሕልምና የመታፈን ስሜት ነው። ዱካክን የፈራ ሰው ለመቃም የሚያበቃው ምክንያት ደስታ መሆኑ ይቀርና እንቅልፍ ራሱ ይሆናል፤ ጫቱ እንቅልፍን ያባርራል፣ ጫት ማጣቱ ደግሞ እንቅልፍን ያስፈራል። የሕዝቡ ቋንቋ ይህን ቀለበት ሐኪም ሳይጽፈው በፊት በስም ለይቶ አስቀምጦታል።

ይሁንና የመቻራን ሌሊት ሁሉ ለጫት መስጠት ስሕተት ይሆናል። ድህነት፣ የጀርባና የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ሐዘንና ፍርሃት ጫት ያልቀመሰውንም ዓይን ይነሳሉ። በ2010 ዓ.ም. በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች መካከል በተነሣው ግጭት ብዙ ቤተሰቦች ሲፈናቀሉ፣ በታኅሣሥ ወር በሐዊ ጉዲናና በዳሮ ለቡ ወረዳዎች ሰዎች ተገድለዋል፤ እንዲህ ካለው ዓመት በኋላ በሌሊት ኮሽታ የሚነቃ ሰው የመቃም ልማድ ኖረውም አልኖረው ምክንያቱ ግልጽ ነው። አሜሪካዊው የእንቅልፍ ተመራማሪ አርተር ስፒልማን እ.ኤ.አ. በ1987 ያቀረበው ሐሳብ እዚህ ላይ ብዙ ይረዳል። በእርሱ አባባል እንቅልፍ ማጣትን የሚያመጡት ሦስት ዓይነት ነገሮች ናቸው፤ ሰውየውን የሚያጋልጡት፣ ሕመሙን የሚቀሰቅሱትና ቀስቃሹ ካለፈ በኋላም የሚያቆዩት። ቀስቃሹ ግጭት፣ ሐዘን ወይም ጫት ሊሆን ይችላል። የሚያቆየው ግን ብዙ ጊዜ ሰው እንቅልፉን ለመካስ የሚያደርገው ጥረት ነው፤ በጊዜ መተኛት፣ ቀን ማንጎላጀት፣ አልጋ ላይ ሆኖ መገላበጥ፣ «ዛሬም አልተኛም» እያሉ መጨነቅ።

ለዚህ ሕመም በኢትዮጵያ የነበረው ዘመናዊ መልስ ለረጅም ጊዜ በአንድ ከተማ ላይ የተከማቸ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን አካባቢ የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታል በአዲስ አበባ ለብዙ አሥርተ ዓመታት የአገሪቱ የአእምሮ ሕክምና ማዕከል ሆኖ ቆየ፤ ከጨርጨር የሚመጣ ሕመምተኛ ቀናት ተጉዞ የሚደርስበት ስፍራ ነበር ማለት ነው። ለውጥ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና ሲጀመርና ሠልጣኞቹ ወደ ክፍለ አገር ሆስፒታሎች ሲሰማሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ደግሞ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ቤት ለቤት ባካሄዱት ጥናት 10,468 ጎልማሶችን ጠይቀው፣ ግማሽ ያህሉ በወቅቱ ጫት ቃሚ መሆናቸውን አገኙ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብርም በየቀበሌው ሁለት ሴት ሠራተኞችን እያሰለጠነ አሰማራ። ይሁን እንጂ ጎልቶ የታየው ከባዱ የአእምሮ ሕመም፣ ወባው፣ የእናቶች ሞትና የሕፃናት ክትባት ስለ ነበረ፣ «እንቅልፍ አልወስደኝ አለ» ብሎ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ምክር ወይም ክኒን ነው። እንደ ዲያዜፓም ያሉት ክኒኖች ለጥቂት ሌሊት ይረዳሉ፣ ሲቆዩ ግን ሰውነት ይለምዳቸዋል።

በሌላው ዓለም ከክኒኑ የተሻለ መንገድ የተገኘው ቀስ በቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ሪቻርድ ቡትዚን አልጋ ለብዙ ሰው የመንቃትና የመጨነቅ ምልክት እንደሚሆን ተመልክቶ፣ አልጋን ከእንቅልፍ ጋር ብቻ መልሶ የሚያቆራኝ ዘዴ ነደፈ፤ እንቅልፍ ሳይመጣ አለመተኛት፣ ካልመጣ መነሣት፣ ሌሊቱ እንዴትም ቢያልፍ ጠዋት ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት መነሣት። ስፒልማንና ባልደረቦቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1987 በአልጋ ላይ የሚቆዩበትን ጊዜ የማሳጠርን ዘዴ ጨመሩ። አንድ ሰው ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ማለትም ለ9 ሰዓት፣ ተጋድሞ የሚተኛው ግን 5 ሰዓት ተኩል ብቻ ቢሆን፣ የእንቅልፍ ብቃቱ፣ ይኸውም ከተጋደመበት ጊዜ የተኛው ስንት እጅ እንደሆነ የሚያሳየው መጠን፣ 61 በመቶ ነው። ሐኪሙ የመነሻውን ሰዓት ሳይነካ መኝታውን ወደ ሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ያዘገይበታል፤ ድካሙ ተከማችቶ እንቅልፉ ሲሰበሰብና ብቃቱ 85 በመቶ አካባቢ ሲደርስ በየሳምንቱ ሩብ ሰዓት እየተጨመረለት ይሄዳል። እነዚህ ከአስተሳሰብ ማረሚያው ጋር ተጣምረው የእንቅልፍ እጦት የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና ተባሉ፤ የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅም እ.ኤ.አ. በ2016 ሥር ለሰደደ የእንቅልፍ እጦት ከመድኃኒት በፊት ይህ እንዲሰጥ መከረ።

ሕክምናው የሚሠራው በንግግር፣ በመዝገብና በሰዓት ስለሆነ ከሩቅ ለመስጠት ያመቻል። በአሜሪካ በዋሽንግተን ግዛት 327 የመገጣጠሚያ ሕመም ያለባቸውና ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች፣ ከእነርሱም በገጠር የሚኖሩ ሳይቀሩ፣ በተሳተፉበት ጥናት፣ ገሚሶቹ በስምንት ሳምንት ውስጥ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ የሚፈጅ ስድስት የስልክ ውይይት ሲያገኙ፣ እንቅልፋቸው ተሻሽሎ መሻሻሉ ከአንድ ዓመት በኋላም ተገኝቷል፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። ይህ ለሐረርጌ እንግዳ መሣሪያ አይደለም። የኢትዮጵያ የስልክ ታሪክ ራሱ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1894 ሐረርን ከአዲስ አበባ ለማገናኘት ሥራው በተጀመረው፣ 477 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው መስመር ሲሆን፣ የምዕራብ ሐረርጌ ምድር ያለው በእነዚህ ሁለት ከተሞች መካከል ነው። በዘመናችንም የኤድስ ምክር በነፃ ይሰጥ የነበረው 952 የ«ወገን» የስልክ መስመር እ.ኤ.አ. በ2004፣ ለገበሬዎች ስለ ማዳበሪያና ስለ ተባይ በድምፅ የሚመልሰው 8028 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ በመጀመራቸው፣ ሰው ፊቱን ሳያሳይ፣ በኦሮምኛም ጭምር፣ ምክር መቀበልን ተለማምዷል። መቻራ የእርሻ ምርምር ማዕከል ያላት ከተማ ስለሆነች፣ ሙያዊ ምክር ከጣቢያ ወደ ማሳ መድረሱም ለነዋሪዎቿ አዲስ ነገር አይደለም።

ዘዴው ግን እንዳለ የሚገለበጥ አይደለም። በቡትዚን መመሪያ እንቅልፍ ያጣ ሰው ተነሥቶ ወደ ሌላ ክፍል ይሄዳል፤ በዳሮ ለቡ ገጠር ብዙው ቤት ክፍሉ አንድ ነው፣ ልጆቹም በዚያው ይተኛሉ፣ ከብቱም በአጠገብ ያድራል። እንዲህ ባለ ቤት የመመሪያው ፍሬ ነገር ክፍል መለወጥ ሳይሆን ከመኝታው መላቀቅ ስለሆነ፣ ከመደቡ ወርዶ በምድጃው አጠገብ በዱካ ላይ መቀመጥ ይበቃል። ጠዋት በተመሳሳይ ሰዓት መነሣት የሚለው ደንብ የማንቂያ ደወል ሳይጠይቅ በሱብሒ አዛን ወይም በቤተ ክርስቲያን ደወል ይያዛል። ጫት የሚቅም ሰው የበርጫውን ሰዓት ቀድሞ እንዲጀምርና መጠኑን በየሳምንቱ እንዲቀንስ ይደረጋል፤ በአንድ ጊዜ ቢያቋርጥ የሚመጣበት ዱካክ አስቀድሞ በስሙ ተነግሮት፣ የሚያልፍ መሆኑን ካወቀ፣ በሦስተኛው ሌሊት ወደ ቅጠሉ ለመመለስ የሚገፋው ፍርሃት ይቀልለታል። ሾፌር ግን የመኝታ ጊዜው እንዲያጥር መደረግ የለበትም፤ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀን ቀን የሚያንጎላጁ ስለሆኑ በጨርጨር ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ነፍስ ያስከፍላሉ። የሚጥል በሽታ ያለበትም ሰው እንደዚሁ ነው፤ እንቅልፍ ማነስ ሕመሙን ይቀሰቅሰዋል። ከሩቅ የሚደውለው ባለሙያ ይህን ሁሉ ከመጀመሪያው ውይይት በፊት መጠየቅ አለበት።

የእንቅልፍ መዝገቡም የቀለም ጉዳይ አይደለም። መዝገቡ በሌላው አገር በየማለዳው በወረቀት የሚሞላ ሰንጠረዥ ሲሆን፣ ማንበብና መጻፍ ለማያውቅ አርሶ አደር በአራት የቃል ጥያቄዎች ሊተካ ይችላል፤ ስንት ሰዓት ተጋደሙ፣ እንቅልፍ መቼ ወሰድዎ፣ ስንት ጊዜ ነቁ፣ መቼ ተነሡ። ቤቱ ሰዓት ከሌለው መልሱ በአገሩ ምልክት ይነገራል፤ ዒሻ ከተሰገደ በኋላ፣ ዶሮ አንድ ጊዜ ሲጮኽ፣ ዶሮ ሁለተኛ ሲጮኽ፣ ሰማዩ ሲቀላ። በስልክ የምትጠይቀው ነርስ እነዚህን ወደ ሰዓት መልሳ በወረቀቷ ላይ ትጽፋለች፤ ጠያቂዋ በኦሮምኛ ጠይቃ በኦሮምኛ ካዳመጠች፣ አቦሉ ተቀድቶ ሳያልቅ የሌሊቱ ሒሳብ ይያዛል።